ጥርስ፣ ቆሎና ዜማ በጉና ግርጌ

ቀደም ባለው ዘመን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ግርጌ እየታከከ ወደ ጋይንት የሚያቀና መንገደኛ አንድ ዓይነት ሰው ሳያገኝ አያልፍም ነበር። ይኸውም ለምድ የደረበ፣ አኮፋዳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ በትሩን የጨበጠ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ሕዝቡ ይህን ወጣት የሚጠራው በሚማረው ትምህርት ወይም በመምህሩ ስም ሳይሆን በስንቁ ነበር፤ ቆሎ ተማሪ ይለው ነበር። አጠራሩ ዛሬም አልጠፋም። ስሙን ደጋግመው ያነሡት ብዙዎች ሲሆኑ፣ በስሙ ውስጥ የተደበቀውን ሌላ ነገር ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ቆሎ ያለ ጥርስ አይበላም።

ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ውርጩ ጤፍን አያስጠጋም፤ በአናቱ ዙሪያ ያለው ገበሬ የኖረው በገብስ ነው፤ ኋላም ድንች ታክሎበታል። ገብስ ደግሞ ተቆልቶ ቆሎ፣ ተፈጭቶ በሶ፣ ተጋግሮ ቂጣ ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ጥርስ የሌለው ሰው ያለችግር የሚወስደው በጥብጦ የሚጠጣውን በሶ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የጥርስ ነገር የውበት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ለጥርስ የሰጠው ቦታ ከፍ ያለ ነው። በአንድ ሙያ ብዙ የቆየ ሰው በሥራው «ጥርሱን የነቀለ» ይባላል፤ የወተት ጥርሱ የወለቀው፣ አዋቂ የሆነው በዚያ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። መከራን የተሸከመ ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። ቂም የተያዘበት በሰው ጥርስ ውስጥ ይገባል። የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነች ልጃገረድ ትደነቃለች፤ በእናቶች ዘንድም ድድን በጥላሸት መነቀስ ጥርስን አንጥቶ እንዲያሳይ ከመታሰቡ በላይ ድድን ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። በአንጻሩ ጥርሱ የረገፈበት ሰው ስሙ «ወላቃ» ነው፤ ይህ ቃል ለመሳደቢያም ያገለግላል። ሰውየው ጥርሱን ባጣ ጊዜ ስምም ይቀየርለታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ የቃል ሀብት የጎደለውን ጥርስ መልሶ የመተካትን ሥራ የሚሰይም የቆየ የአገር ቃል አይገኝም። «ሰው ሠራሽ ጥርስ» የሚለው አዲስ ነው፤ ቃሉም ነገሩም በአንድነት ከውጭ የገቡ ናቸው።

የደጋው ሰው ጥርሱን የሚያጣባቸው መንገዶች ከዘመን ዘመን ተለዋውጠዋል። በመጀመሪያ ወፍጮው ነበር። እህል በወፍጮ ላይ በመጅ ሲፈጭ ከድንጋዩ የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ሰውም ቂጣውን ባኘከ ቁጥር ጥርሱን በጥቂት በጥቂቱ ይሞርደዋል። በዓለም ዙሪያ ከጥንት መቃብሮች የወጡ መንጋጋዎች ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ በድንጋይ ፈጭቶ የበላ ሕዝብ ጥርሱ ብዙ ጊዜ በእጅጉ የተበላ ነው። በዚያው መጠን ግን ስኳር ያልነበረው ሕዝብ ጥርሱ በትል ብዙ የተበላ አልነበረም። ማር ነበር፤ ነገር ግን የማሩ ብዙ ክፍል ወደ ጠጅ የሚሄድ፣ ጠጁም ወደ ጌታ ቤት የሚገባ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ፤ በቻይናውያን የተሠራው የወልድያ–ወረታ መንገድ ደግሞ ከዚያ በኋላ ደጋውን ሰንጥቆ አለፈ። መንገዱ ያመጣው ብዙ በጎ ነገር ነው። ከመኪናው ላይ ከሚወርደው ጭነት መካከል ግን ስኳርና ከረሜላ ይገኙበት ነበር። የሞተር ወፍጮ የጥርስን መሞረድ ሲያስቀር፣ ስኳሩ በፋንታው መብሳት ጀመረ።

ለታመመ ጥርስ የነበረው መድኃኒት ይታወቃል። ጠዋት በወይራ ወይም በክትክታ መፋቂያ መፋቅ፣ ሲያም ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ መንከስ፣ ሲብስ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ማስገባት፤ ጭሱ በጥርስ ውስጥ ያለውን ትል ያስወጣል ይባል ነበርና። ይህ የትል እምነት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ከጥንት ባቢሎን ጀምሮ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ ድረስ የሰው ልጅ በጋራ የተሳሳተበት ነገር ነው። መፋቂያውንና ቅርንፉዱን ግን ሳይንስ አልጣላቸውም። ሁሉም ካልሆነ የመጨረሻው ዳኛ ጉጠት ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፤ ደሙ በጨው ውሃ ታጠበ፤ ነገሩም አለቀ። የጎደለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ጥርስን ከመብቀሉ አስቀድሞ የሚያሳጣው ልማድ ነው፤ ስሙም ግግ ይባላል። ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት አልይዝ ሲል፣ እናት አፉን ከፍታ ድዱን ታያለች። ክራንቻው በሚበቅልበት ሥፍራ ድዱ ነጣ ብሎ አብጧል። «ግግ ነው» ይባላል። ልማደኛው ይጠራና በምላጭ ወይም በሌላ ስለታም ነገር ድዱን ሰንጥቆ ያልበቀለውን ጥርስ ቆፍሮ ያወጣል። የሚወጣው ነገር ገና ያልጠነከረ፣ ነጭና ለስላሳ በመሆኑ ትል ይመስላል፤ ስለዚህ እናት በሽታው በዐይኗ ፊት ከልጇ አፍ ሲወጣ ያየች ይመስላታል። ይህንን ልማድ በድንቁርና ብቻ ማየት ተገቢ አይሆንም። ድዱ የሚያብጥበት ዕድሜና ሕፃኑ መዳህ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት ዕድሜ አንድ ነው፤ ተቅማጡም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲመጡ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ መውሰድ የተማረውም ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው።

ውጤቱ ግን ምሕረት የለውም። ደም መፍሰሱ፣ መመርቀዙና መንጋጋ ቆልፉ አለ። ከዚህ የተረፈው ሕፃን ደግሞ ሌላ ዕዳ ይዞ ያድጋል። ከወተቱ ክራንቻ ሥር የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ ተቀምጧልና ምላጩ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ያቆስላል። ክራንቻ ከጥርሶች ሁሉ ረጅም ሥር ያለው፣ የአፍን ማእዘን እንደ ቤት ምሰሶ የሚይዝ ጥርስ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ክራንቻው ጨርሶ ላይበቅል፣ ቢበቅልም ተጣምሞና ቅርፁ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል፤ ጎረቤት ጥርሶችም ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተታሉ። ይህ ነገር ከአገር ውጭም ተመዝግቧል። ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የተጓዙትን የቤተ እስራኤል ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የወተት ክራንቻ የጎደላቸውን ብዙ ሕፃናት አግኝተው በ1994 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አሳትመዋል። ልጆቹ ተራራውን፣ ወንዙንና መንደሩን ትተው ሲሄዱ የትውልድ አገራቸውን ምልክት በድዳቸው ይዘው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ይህን ልማድ ከሚዋጋባቸው ቤቶች መካከል የደቡብ ጎንደር ቤቶች ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያቀርበው ንጽጽር አለ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ሠራተኞችና ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ፤ ክብደቱም 70 ኩንታል ገደማ ነበር። መድፉ በ1860 ዓ.ም. በሺህ በሚቆጠር ሰው እየተጎተተ ወደ መቅደላ ተጓዘ። በዚያው ጋፋት እ.ኤ.አ. በ1866 ከታሰሩት እንግሊዛውያን መካከል የቦምቤ ጦር ሐኪም የነበረው ዶክተር ሔንሪ ብላንክ ይገኝ ነበር። እንግዲህ በአንድ ቦታ ብረት የሚያቀልጥ እሳት፣ ቅርፅ የሚያወጣ እጅና ሐኪም ተገናኝተው ነበር። ጊዜው የጠየቀው ግን መድፍ ነበር፤ መንግሥት በሚናጋበት ዘመን ጥርስ የሚያስብ የለም። ሆኖም ሰም ቀርፆ፣ በዙሪያው ጭቃ መትቶ፣ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ብረት የማፍሰሱ ጥበብ ዛሬ የጥርስ ሠራተኛው የወርቅ ጥርስ ከሚያወጣበት ጥበብ ጋር በመሠረቱ አንድ መሆኑን የእጅ ጥበብ ባለሙያ ይረዳዋል።

በቀረው ዓለም ነገሩ ከጥንት ጀምሮ ሲሞከር ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ኤትሩስካውያን የጎደለውን ጥርስ በወርቅ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር ያስሩት ነበር። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1538 ያረፈች አንዲት የቡድሃ መነኩሲት ከእንጨት የተቀረፀ ሙሉ የጥርስ መደዳ ነበራት። በእንጨት ላይ መስቀልና ሥዕል የሚቀርፅ የኢትዮጵያ ባለሙያ ይህን ሲሰማ እጁ ሳይበላው አይቀርም። የአሜሪካው ፕሬዚደንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 እ.ኤ.አ. ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ የተሠራው ከጉማሬ ክራንቻና ከሰው ጥርስ ነው። በ1784 ደግሞ ከባሮች ለተገዙ ዘጠኝ ጥርሶች ገንዘብ መክፈሉ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ከ1815 እ.ኤ.አ. የዋተርሉ ጦርነት በኋላ ከወደቁት ወታደሮች አፍ የተነቀለው ጥርስ በአውሮፓ ገበያ ላይ ውሏል። ለሀብታሙ ፈገግታ የድኻው መንጋጋ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

የጉማሬው ነገር ለጉና ልጅ ባዕድ አይደለም። ከጉና የሚፈልቀው የጉማራ ወንዝ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ በሐይቁም ጉማሬ ይኖራል። የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት ወይጦዎች በቀድሞ ዘመን ጉማሬ በማደን ይታወቁ ነበር። ከቆዳው የሚሠራው አለንጋ ራሱ «ጉማሬ» ይባላል። አንዱ አገር ከዚህ እንስሳ ጥርስ ሲቀርፅ ሌላው አገር አለንጋ ገምዷል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጌቶች አፍ ወደ ተራው ሰው አፍ የወረደው ጎማ ከመጣ በኋላ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በእሳት የጠነከረ ጎማ ለጥርስ መያዣ ሆነ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ተተካ። በ1965 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ብሮኔማርክ ከታይታኒየም የተሠራ ሥር በአንድ ሕመምተኛ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ተከለ፤ አጥንቱም ብረቱን እንደ ራሱ አካል ተቀበለው። ሰውየው በ2006 እስኪሞት ድረስ በእነዚያው ጥርሶች በላባቸው።

እንግዲህ ወደ ቆሎ ተማሪው እንመለስ። የሚሄደው ወደ ቤተ ልሔም ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ጦርነት መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓ ተርፎ የተገኘው በቤተ ልሔም ነው ተብሎ ይተረካል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት አበጁለት። ምልክቱ ግን ዜማውን ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም፤ ዜማው የሚተላለፈው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ነው። የዚህ ሀብት መዝገብ ቤቱ የሽማግሌ አፍ ነው።

አፉስ? በግዕዝም በአማርኛም የሚከተሉት ድምፆች የሚወለዱት በጥርስ ላይ ነው። «ፈ» የሚወጣው የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነው። «ሰ»፣ «ዘ» እና «ጸ» የሚወጡት ነፋሱ በምላስ ጫፍና በፊት ጥርሶች ጠርዝ መካከል ተጣብቦ ሲያልፍ ነው። «ተ»፣ «ደ» እና «ጠ» ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ተደግፎ የሚጥላቸው ናቸው። የፊት ጥርስ ሲጎድል «ሰ» ይፏጫል ወይም ይሟሟል፤ «ፈ» መደገፊያ አጥቶ በሁለት ከንፈሮች መካከል ይበተናል። «ቅዱስ» የሚለው ቃል መጨረሻው ሲጠፋ፣ «ስብሐት» የሚለው ደግሞ መነሻው ይበላሻል። ግዕዝ ጥርስን «ስን» ይለዋል፤ ጥርስ የሌለው ሰው ይህን ስም እንኳ አጥርቶ መጥራት ይቸግረዋል። ደቀ መዝሙሩ የሰማውን ይይዛል። በጥርስ መጉደል የመጣውን ድምፅ ከያሬድ የመጣውን አድርጎ ቢይዘው የሚያርመው ሌላ አፍ መኖር አለበት። በአንድ ጉባኤ ቤት ውስጥ ብዙ የበቁ ደቀ መዛሙርት መኖራቸው ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ይመስላል።

አዝማሪውም ከዚህ አያመልጥም። ማሲንቆው በእጅ ይመታል፤ ግጥሙ ግን ሰምና ወርቁ የሚለያየው አንዱ ድምፅ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ሲሰማ ነው፤ ድምፁ ከተድበሰበሰ ወርቁ ከሰሙ ጋር ይቀበራል። ዋሽንት የሚነፋው እረኛ ደግሞ ከንፈሩ ከኋላው ደጋፊ ይሻል፤ ደጋፊውም የፊት ጥርስ ነው። የትምህርት ቤት መምህርም ቢሆን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ፊደል ሲያስቆጥር በአፉ ሙሉነት ይሠራል።

ታዲያ የጎደለው ጥርስ ቶሎ መተካቱ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በአጥንቱ ውስጥ ነው። የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ጥርስን ለመያዝ ነው፤ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ይከስማል። በዴንማርክ የኦርሁስ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ በቦታው ያለው የአጥንት ስፋት በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳይተዋል፤ ከዚህም ቅነሳ ሁለት ሦስተኛው የደረሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። በዚህ መሐል ከጎንና ከጎን ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያጋድላሉ፤ ከፊት ለፊት ያለውም ተቃራኒ በማጣቱ ከድዱ እየወጣ ይረዝማል። ምግብ በየስንጥቁ ይገባል፤ ድድ ያብጣል፤ አንዱ ጥርስ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር ቢመጣ በጥቂት ሥራ ይታረም የነበረው አፍ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመጣ ያጋደለውን ማቅናት፣ የረዘመውን መሞረድ፣ የከሰመውን አጥንት መሙላት ይጠይቃል። ከንፈርና ጉንጭም ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ሰውየው ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል።

እርግጥ ነው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ይተካ ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ ያለው የመንጋጋ ጥርስ ቢወልቅ ብዙ ሰው ሳይተካው ይኖራል። 20 ጥርስ ያለው ሰው ያለችግር ይበላል የሚለው ሐሳብ በባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ጃፓንም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቧ በ80 ዓመቱ 20 ጥርስ እንዲኖረው ቀስቅሳለች። የፊቱ ጥርስና የልጅ ጥርስ ግን ቀጠሮ አይሰጡም። የወተት ጥርሱ ያለ ጊዜው የወለቀ ልጅ ቋሚው እስኪበቅል ድረስ ቦታውን የሚጠብቅ ትንሽ ሽቦ ቢደረግለት ኋላ ከሚመጣው መጣመም ይድናል።

በደጋው የነበረው መዘግየት ከስንፍና የመጣ አልነበረም። በደብረ ታቦር ከኢጣልያ ወረራ በፊት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሕክምና ተጀምሯል፤ በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ልኳል። እነዚህ ሰዎች የተላኩት ወባን፣ ፈንጣጣንና የወሊድ ሞትን ሊዋጉ ነበር። ሕፃናት በሚያልቁበት አገር የሽማግሌ ጥርስ ተራው መጨረሻ ላይ መሆኑ የሚያስወቅስ አይደለም። ያስወቅስ የነበረው ተራው ሲደርስም እንደ ቅንጦት መቆጠሩ ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያስተምራል፤ ደብረ ታቦርም የራሷ ዩኒቨርሲቲና ከፍተኛ ሆስፒታል አላት። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በአለም በርና በወረታ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መውረዱ አልቀረም፤ ባሕር ዳር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ሥራ ከቀራፂ ሥራ ብዙ አይርቅም። ለስላሳ ሊጥ በአፉ ተደርጎ የድዱ ቅርፅ ይወሰዳል፤ በቅርፁ ላይ ጄሶ ይፈስሳል፤ በጄሶው ላይ በሰም ጥርስ ይደረደራል። የጥርሱ ቀለም ከቀሩት ጥርሶች ጋር በብርሃን ተመሳክሮ ይመረጣል፤ በጣም የነጣ ጥርስ ባለቤቱን ያሳብቃልና። ሰሙ ወደ አክሪሊክ ከመቀየሩ በፊት ሰውየው በአፉ አድርጎ እንዲናገር ይጠየቃል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ሐኪሙ ከ60 እስከ 70 ያስቆጥራል፤ የ«ሰ» ድምፅ በእነዚህ ቁጥሮች ስለሚበዛ የጥርሱ አቀማመጥ ትክክል መሆኑ ወዲያው ይሰማል። በአማርኛም ቁጥሩ ይስማማል። ከጉና ግርጌ የወረደው ሽማግሌ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ስልሳ ስድስት» ይላል፤ ሐኪሙም ያዳምጣል፤ ካፏጨ ሰሙን ጥቂት ገፋ አድርጎ እንደገና እንዲል ይጠይቀዋል።